ክንዴን ሳነሳ

ከባኮሎድ ዱማጌቴ፣ ስድስት ሰዓት ነው መንገዱ፤
አንድ እጄ ቲኬት ይቆርጣል፣ ጣሪያውን ይዟል አንዱ።
ረዳት ነኝ፤ ሮዌና ይሉኛል፤ ሥራዬ ክንድ ማንሳት፣
እንደ ተማረከ ወታደር፣ ያለ ጦር፣ ያለ ጠላት።

ጠላትስ ነበረኝ፤ ክፋቱ፣ ከብብቴ ሥር ያደረ፤
በሚያዝያ ቃጠሎ አንድ ሕፃን አፍንጫውን ይዞ መሰከረ፣
ከእናቱ ጉያ ተንጠልጥሎ፣
ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ።
እናቱ እጁን መታ አድርጋ፣ ማረኝ አለች አንገቷን ደፍታ፤
ከልጁ ጣት ይልቅ ያመመኝ ያቺ የእናቱ ይቅርታ።

ያን ማታ ጀመርኩ ፍለጋ።

የሱቁን ተዉት፤ የሱቁ ቆዳዬን አቃጥሎታል፤
ቀይ ሽፍታ እንደ ጉንዳን መንገድ እስከ ጎኔ ዘርግቶታል።
የኮኮናት ዘይት ቀባሁ፤ ሸሚዜ ቅባቱን ጠጣ፤
እስከ ረፋድ ብስኩት ሸተትኩ፤ ከዚያማ የባሰው መጣ።
ሎሚ ቆርጬ አሸሁበት፣ ምላጭ የነካው ቆዳ ላይ፤
ከመታጠቢያ ቤት ዘለልኩ፣ ጩኸቴ ደረሰ ሰማይ።
ቤኪንግ ሶዳ ሞከርኩ ሳምንት። ሽታው፣ አልዋሽም፣ ለቀቀ፤
ቆዳዬም አብሮት ለቀቀ፤ ሸሚዝ በነካኝ ቁጥር ጥርሴ እርስ በርሱ ተናነቀ።

እህቴ ሎርና ከማኒላ ክሬም በብልቃጥ ላከች፣
«ከቅጠልና ከአበባ ነው፣ ኬሚካል የለውም» እያለች።
የሁለት ቀን ደሞዜን ያህላል። ሲከፍቱት አበባ አበባ ይላል፤
እኩለ ቀን ላይ ግን ፍየል የአበባ ማሳ በልቶ የወጣ ይመስላል።

ቆጡን አወርድ ብላ የተባለችው፣ እሷስ የብብቷን ጣለች፤
የእኔ ቢጥሉትም አይወድቅ፤ ምነው በሆንኩ እንደዚያች!

ዴልፊን የሚሉት ፀጉር ቆራጭ አለ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ መስተዋቱ ለሁለት የተከፈለ።
ምላጭ ስቶ ጉንጭ ሲነካ፣ ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ አንስቶ፣
ውሃ ነክሮ ያሸዋል፤ ደሙ ዝም ይላል፣ እንደ ልጅ ቁጣ ሰምቶ።
«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።
«ሸብ ነው። እናቴ በሳንቲም ነበር የምትገዛው።
ታጠቢ፤ ንከሪው፤ አሺው፤ ይድረቅ። በቃ።»
አሸተትኩት። «ሽታ የለውም እኮ!»
«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»
ሦስት ዓመት በዚያ በር አልፌ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ማግስቱን ማቢናይ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣
የወደቀ ቲኬት የማነሳ መስዬ፣ አፍንጫዬ ብብቴን ሸተተ።
ምንም።
ላቤ ግን አልቀረም፤ ላብማ የእኔው ነው፣
ጎኔን ይዞ ወረደ፣ ጥሩ ውሃ እንደሆነው።
ሸብ ሽታዬን ሸብ አድርጎ፣ እንደ ነዶ አስሮት ዋለ፤
ያ ሁሉ ብልቃጥ ያቃተውን ባለአምስት ፔሶ ድንጋይ ቻለ።

ማታ ደጄን ስከፍት፣ ውሻዬ ባንታይ ጥርሱን አሳየኝ፤
ድምፄን ከሰማ በኋላ ነው፣ አፍሮ ጭራውን የቆላልኝ።
ለካስ በሽታዬ ነበር፣
ከሰው ሁሉ የሚለየኝ።

ትናንት ካባንካላን ላይ ሸንኮራ ቆራጮች ተሳፈሩ፤
ቆንጨራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ኋላ ወንበር ላይ ሰፈሩ።
አንድ ጎልማሳ ቆሞ ቀረ፣ ብረቱን መያዝ አፍሮ፣
ሁለት ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ፣ በማይታይ ገመድ ታስሮ፣
መኪናው በታጠፈ ቁጥር ሰው ላይ እየተንገዳገደ።
ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። እጄ ወደ ኪሴ ወረደ፤
ሸቡን ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል፤
መስጠት ግን መንገር ይሆናል።
ተውኩት።
«ወንድሜ፣ ያዝ እንጂ!» አልኩና ክንዱን ይዤ አነሳሁለት፤
ከእጁ አጠገብ የእኔን ሰቅዬ፣ ቲኬቱን በጥርሴ ቆረጥኩለት።